የላይኛው ቤት ውሃ

አንገት በመሰለች ቀጭን ጉብታ ላይ አንድ ቤት አለ። ከሁሉ በላይ ስለተሠራ ራሱን የሁሉ ራስ ያደርጋል፤ ማንም አልከለከለውም። ቅጥሩ የአጥንት ያህል ጠንካራ ነው። ከቅጥሩ ወዲህ ደግሞ ሦስት መጋረጃ አለው፤ የመጀመሪያው እንደ ጠፍር የወፈረ፣ ሁለተኛው የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ሦስተኛው ስስ ሆኖ ከግድግዳው እጥፋት ሁሉ ጋር የተጣበቀ። ይህን ያህል የተሸፋፈነ ወይ ንጉሥ ነው ወይ ፈሪ።

ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። በግራው እንጉዳይ፣ በቀኙ መንታ ወንድሟ ዝናቡ ይኖራሉ፤ መሐላቸው ሰፊ ድልድይ አለ። የቤቱን ቃል የምታወጣ፣ የሰውን ስም የምትጠራ እንጉዳይ ናት። ዝናቡ ፊት ያነባል፣ ዜማ ይለያል፤ ቃል ግን ይቸግረዋል።

«ዝምታህን ጥበብ ይሉልሃል» ትለዋለች። «እኔ ግን ባዶ ማድጋ መሆኑን አውቃለሁ።»

«የሚጮኸው ነው ባዶው፣ እቴ» አላት አንድ ቀን። ለዚያ ዓመት የተናገረው ይኸው ነው።

የአባቶች ወግ አለ፤ ማንም በደጁ ፊት ያለውን እርሻ አያርስም። የግራው ቤት የቀኙን እርሻ ያዛል፣ የቀኙ ቤት የግራውን። ሁለቱ መንገዶች የሚተላለፉት ከቤቱ ግርጌ ባለው በር ላይ ሲሆን፣ በዚያ አያ ደምሴ የሚባል በረኛ ከተወለደ ጀምሮ ወናፍ ያናፋል። እሱ አንዴ ቢያንቀላፋ ተናጋሪም ዝምተኛም አይኖርም። ከኋላ በኩል ያለችው ትንሿ ቤትም የሁሉን እርምጃ ታስተካክላለች፤ ባትኖር ኖሮ ግቢው ሁሉ እንደ ሰካራም በተንገዳገደ። ሁለቱንም ያመሰገናቸው የለም።

ይህ ሁሉን የሚያዝ ቤት ምንጭ የለውም። አንዲት ጋን እንኳ አያስቀምጥም። ቀዩን ውሃ ከታች፣ ሌት ተቀን ከምትመታው ምንጭ፣ እየተገፋለት ይቀበላል። በመጠኑ ከግቢው ከሃምሳ አንድ እጅ ቢሆን ነው፤ ከውሃው ግን ከአምስት አንዱን ይጠጣል። ጌትነት እንዲህ ነው። ውሃው የሚወጣው በአራት ቦይ ነው፤ ሁለት ወፍራም ከፊት፣ ሁለት ቀጭን ከኋላ። ከወለሉ ሥር ሲደርሱ ቀለበት ሠርተው ይገናኛሉ።

«ይህ ዙሪያ ጥምጥም የሥራ ፈቶች ሥራ ነው» ትል ነበር እንጉዳይ። «የእኔ ውሃ ቀጥ ብሎ ይመጣልኛል። ይደፈን።»

ዝናቡ አልተከራከራትም፤ አላስደፈነምም።

ከታች ጮማና ጨው ይዘወተር ነበር። ከውሃው ጋር የሚወጣው ዝቃጭ ሳይታወቅ የግራውን የፊት ቦይ አጠበበው፤ አንድ ማለዳ ጓል ተሰነቀረና ጨርሶ ዘጋው። እንጉዳይ ቃል ጀምራ መሐል ላይ ቆመች። የቀኙ እርሻ አዝመራም ወዲያው ተኛ።

የእርሻው ገበሬዎች ወጉን ረስተውት ነበርና የቀኙን ቤት ከበቡ። «የቀኙ እርሻ ጠውልጓል። ውሃውን የት አደረስከው?» አሉት ዝናቡን። አንዱማ፣ «ዝምተኛ ጠጥቶም ዝም ነው» አለ።

የዝናቡ መልስ ሁልጊዜ የሚቀመጠው እኅቱ ዘንድ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ፊቷን አየ። አንደኛው የከንፈሯ ጫፍ ወድቋል። አፏ ይከፈታል፣ ስም ይፈልጋል፣ ያጣዋል። ዝናቡ ከዐይኗ አነበበ፤ ጥማት ነው።

አያ ደምሴ ወናፉን ሳያቆም ከታች ተናገረ። «ቀኝ ሲደርቅ የግራው ቤት ነው የሚታየው። መንገዱ እኔ ላይ እንደሚተላለፍ ጠፋችሁ? የምታደርጉትን ቶሎ አድርጉ። በውሃ ጥም የፈረሰ ክፍል ዳግም አይታነጽም።»

«ቀለበቱን ለእሷ ከከፈትክ ያንተም ውሃ ይቀጥናል» አለው ከገበሬዎቹ አንዱ።

ዝናቡ ቃል ፈለገ። «ታዲያ ማን ይናገርልኛል?» አለ።

ወርዶም የቀለበቱን ጠባብ መገናኛ፣ ያችኑ ይደፈን የተባለችውን፣ ከፈተ። ውሃው ከቀኝ ወደ ግራ ዞረ፤ መጀመሪያ እንደ ክር፣ ኋላ እንደ ገመድ። የኋላዎቹ ቀጫጭን ቦዮችም ድርሻቸውን ጨመሩ። ምንጯ ከታች በርትታ መታች። የተኛው አዝመራ ቀስ እያለ ቀና አለ።

እንጉዳይ ወንድሟን አየችው። ስድብ ጠብቆ ትከሻውን አመቻቸ። እሷ ግን የመጀመሪያውን ቃል ለሌላ ሰው አቆይታው ነበር።

ከቅጥሩ ውጭ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ሴት ከማለዳ ጀምራ የዛለውን የአባቷን ቀኝ እጅ ይዛ ተቀምጣለች። እጁ መልሶ ጨበጣት፤ አባቷም «ትርንጎ» ብሎ በስሟ ጠራት።