ውሃ ላይ የሚያርፍ ሥራ

አንዳንድ ሥራ አለ፣ በአንድ ቃል ተነግሮ የሚያልቅ። «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲሏችሁ «ነርስ ናት» ብላችሁ አፋችሁን ትገጥማላችሁ፤ ጠያቂውም «ተመስገን» ብሎ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ሹፌርም እንደዚሁ ነው፣ ዌርሃውስ የሚሉት የዕቃ መጋዘንም እንደዚሁ፤ እዚህ ዳላስ ዌርሃውስ የሚሠራ ዘመድ የሌለው ሰው የለምና ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። አንዳንዱ ሥራ ግን፣ ልጆቼ፣ ባብራራችሁት ቁጥር ይበላሻል።

የልጅ ልጄ የማህሌት (ማሂ ነው የምንላት) ሥራ እንዲህ ያለው ነው። «ፓይለት ናት» ስል መጀመሪያ እልል ይባላል። ቀጥሎ የየትኛው አየር መንገድ እንደሆነች ይጠየቃል። ካሪቢያን የሚሉት ባሕር ላይ ያለ፣ ከደሴት ደሴት የሚያመላልስ ትንሽ አየር መንገድ ነው ስል ፊቱ ሁሉ ቀዝቀዝ ይላል። አውሮፕላኗ በጎማ ፈንታ ሁለት ጀልባ የመሰለ እግር እንዳላትና የምታርፈውም ውሃ ላይ እንደሆነ ስጨምርበት ደግሞ፣ አንዲት የቸርቻችን ሴት እጄን ይዛ «አይዞዎት፣ ገና ወጣት ናት፣ ሌላ ታገኛለች» ብላኛለች። ከእልልታ እስከ ለቅሶ ቤት ሦስት ትንፋሽ አልፈጀም።

እናቷ፣ ልጄ ጥሩወርቅ፣ ከዚህች ሴት አትሻልም። ከቤድፎርድ ቤታችን እየተነሳች ትልቁ ኤርፖርት ትገባለች፤ መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እየገፋች ታደርሳለች። ቀኑን ሙሉ ካፒቴኖቹ ትከሻቸው ላይ ወርቃማ መስመር ደርድረው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ በአጠገቧ ያልፋሉ። ልጇ ከእነሱ አንዷ ሆና በፊቷ እንድታልፍ ነው ምኞቷ፤ ሥራ ላይ ናትና ሰላም ባትላትም አይከፋትም። ማሂ ደግሞ በባዶ እግሯ ነው የምትሠራው። ማለቴ፣ ጫማ አጥታ አይደለም፤ ሥራው ውሃ ለውሃ ስለሆነ ነው። ሱሪዋን ጠቅልላ ሻንጣ ትጭናለች፣ ገመድ ትፈታለች፣ ከዚያ ወጥታ ታበርራለች። ሙሽራም ትጭናለች፣ በሽተኛም፣ ዳቦም፣ አንዳንዴ ዶሮም።

ባለፈው ለእረፍት መጥታ ሳለ፣ እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ አየር መንገድ ነይ ሥሪ አላት። ጥሩወርቅ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ማሂ ግን ወደ ደሴቶቿ መመለስ ነው የምፈልገው ብላ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ አልጮኸችም፣ አልከለከለችም፤ «እንደፈለግሽ» ብቻ ነው ያለችው። የእናት «እንደፈለግሽ» ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከመቶ «እምቢ» ይብሳል። ማሂ እዚህ አድጋ ብዙ ነገር ቢጠፋትም ይሄ አልጠፋትም። ማሚ ካልመረቀችኝ አልሄድም ብላ ቁጭ አለች። ያቺም እዚያ አኩርፋለች፣ ይቺም እዚህ አኩርፋለች፤ እኔ መሃል ቤት ሆኜ ለሁለቱም ሻይ አቀርባለሁ።

በመጨረሻ ማሂ ሥራዋን ለእናቷ ልታሳያት ፈለገች። ከሌዊስቪል ከተማ ወዲያ ካለ ሐይቅ ላይ፣ መጀመሪያ ማብረር ያስተማራት ሽማግሌ ፈረንጅ አውሮፕላኑን አዋሳት። ጥሩወርቅ በመኪና አደረሰችን እንጂ አልገባም አለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አለች። ስለዚህ እኔ ገባሁ።

ከመግባቴ በፊት ግን ማሂ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። በእኔ ዕድሜ ሰው እንደ በርበሬ ይመዘናል? ክብደት ካልታወቀ ማን የት እንደሚቀመጥ አይታወቅም አለችኝ፤ እዚያ ደሴቶቹ ላይ ቄሱም ከንቲባውም ተመዝነው ነው የሚገቡት፣ ቀለል ያለው ከኋላ፣ ከበድ ያለው ከፊት፣ ማዕረግ አይታይም። እኔን ከፊት አስቀመጠችኝ። ለክብሬ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ መልሱን ፈርቼ።

አነሳሱን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ውሃው ከሥር መታን፣ መታን፣ ከዚያ መምታቱን ተወ። በቃ፣ ሽቅብ ሆነናል። ማሂን በጎን አየኋት፤ ሕፃን ሆና የጫማዋን ማሰሪያ ስታስር እንደምታደርገው ከንፈሯን ከፈት አድርጋለች። የዚህች ልጅ ደስታ ድምፅ የለውም፤ የሚያውቅ ነው የሚያውቀው። ጥሩወርቅ ከታች የምስር ፍሬ አክላ፣ ጀርባዋን ሰጥታናለች። አንገቷን ግን ወደ እኛ አዙራለች።

እንደ ዳክዬ አረፍን። ማሂ ሞተሩን አጥፍታ ጀልባ የመሰለው እግር ላይ ወረደች። ይሄኔ ነፋስ ተነሳ። እናቷ ከቆመችበት የጀልባ ማሰሪያ የእንጨት መድረክ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን፣ እየገፋ ወደ ሐይቁ ይመልሰን ጀመር። ማሂ ገመዱን አነሳችና «ማሚ፣ ያዢ» ብላ ወረወረችው። ልመና የለበትም፤ የሥራ ባልደረባ ለባልደረባው እንደሚለው ነው ያለችው።

ጥሩወርቅ ቀለበችው። ከሰዓት ሥራ ገቢ ስለነበረች የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች ነው፤ ተረከዟን እንጨቱ ላይ ተክላ ጎተተች። ስትገፋ የኖረች ልጄን ስትጎትት አየኋት።

ደረስን። ማሂ እጄን ይዛ «ቀስ በይ እማማ፣ ጊዜ አለን» እያለች ታወርደኝ ጀመር። ጥሩወርቅ ግን ገመዱን ማሰር ትታ እጇ ላይ ጠቅልላ ቆማለች።

«እዚያ ማነው የሚይዝልሽ?» አለች።

«ምኑን?»

«ገመዱን ነዋ። ነፋስ ሲመልስሽ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የልጄን ሆድ ገመድ አወጣው። እኔ እኮ ያን ሁሉ ቀን ስለ ወርቃማው መስመር የምታዝን መስሎኝ ነበር። ለካ እሷ የምታየው፣ ሰው በሌለበት ውሃ ላይ ብቻዋን የምትንሳፈፍ ልጇን ነው።

«ዳር ላይ ሁልጊዜ ሰው አለ፣ ማሚ» አለች ማሂ። «አሮጊቶቹ ሞተሩን ሲሰሙ ይወጣሉ። ማን ይያዝ ብለው ፋይት ያደርጋሉ። አንዷ ደግሞ ከያዘች በኋላ፣ ምሳ ካልበላሽ አልለቅም ብላ አስረፈደችኝ።»

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ምን ሰጠችሽ?»

«ዓሣ። በጣም ያቃጥላል።»

ጥሩወርቅ ዓሣውን ለጥቂት ጊዜ አሰበችበት። ከዚያ ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርጋ፣ ጨው አቀብይኝ በሚባልበት ድምፅ፣ «በሄድሽበት ሁሉ ገመድሽን የሚይዝልሽ ሰው አትጪ» አለች።

ማሂ ወጉ አልጠፋትም ብያችኋለሁ። ምርቃት በአንድ እጅ እንደማይቀበሉትም አልጠፋትም። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ከሁለቱ እጆቿ አንዱ ግን እኔን ለማውረድ የያዘው ነበር።

«አሜን» ያልኩት ወገቤ ድረስ ሐይቁ ውስጥ ቆሜ ነው። ምንም አይደለም፤ ለአሜን ደረቅ መሆን ግዴታ አይደለም።