ብሌን «በቃ» ያለችን ዕለት

የጭሮ ሰው በምክር አይሰስትም። ሳል ይዟችሁ ከቤት ብትወጡ አስፋልቱን ሳትሻገሩ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝላችኋል። ኦቲዝም ያለባት ልጅ ካለቻችሁማ ምክሩን የሚጭን ጋሪ ፈልጉ።

የእኔዋ ብሌን ሰባት ዓመቷ ነው። አፏን አልፈታችም፤ ጫጫታና የመንገድ መለወጥ ያስጨንቋታል። መምህርቷ ነኢማ በአዘቦቱ ቀን እሷን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኛን ወላጆችን ታስተምራለች። ከክፍሉ ሰነፉ እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ያሳጥሩ። ‹ብሌን፣ ጫማ› ይበቃል» ትለኛለች። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው እንዴት አድርጎ ያሳጥር? እኔ ጫማ ለማስጠለቅ ከቆዳው አመጣጥ ነው የምነሳው።

ያም ሆኖ የታዘዝኩትን የሥዕል ካርዶች ሠርቼ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፦ ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ ባጃጅ፣ የተዘረጋ መዳፍ። መዳፉ «በቃ» ማለት ነው። አምስት ወር ሙሉ እጇን ይዘን ካላስነካናት በቀር ብሌን አንዱንም በራሷ አላነሳችም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ የዘወትሩ መንገዳችን ለቧንቧ ተቆፍሮ ጠበቀን። ባለባጃጁ ጀማል በጫት ተራ በኩል ሲታጠፍ ብሌን ጮኸች። ባጃጁ ሲቆም ወርዳ መሬት ላይ ተዘረረች።

ምን ልበላችሁ፣ ገበያው እኛ ዘንድ መጣ። «አሰቦት ገዳም ውሰዳት» አለ አንዱ። «ቁርኣን አስቀራባት» አለ ሌላው። ሦስተኛው አለንጋ አዘዘ። እዚያው ጫት የሚቸረችሩት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሁሉንም በድምፅ በልጠው «ዓይን ነው ብዬ ነበር እኮ!» እያሉ አጎነበሱባት። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ ስለ ኦቲዝም ለሕዝቡ ገለጻ ጀመርኩ። መግቢያውን ሳልጨርስ አንገቴ ወደ ታች ተሳበ።

ብሌን ናት። ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ መዳፉን ለይታ እትዬ አስካለ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

«ምን እያለች ነው?» አሉ እትዬ።

«በቃ... በቃ ነው የምትለው» አልኩ።

«አቦ፣ ወላሂ ተናገረች!» ብሎ ጀማል ክላክሱን ለቀቀው። እትዬ አስካለ እልልታውን አቀለጡት፣ ጫት ተራው በሙሉ አጨበጨበ፣ እኔ እየጮህኩ አለቀስኩ። ብሌን ሁለት ጆሮዋን ይዛ ባጃጁ ውስጥ ገባችና ሸራውን ጋረደችብን።

ለነኢማ ሮጬ አበሰርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

«በቃ ስትላችሁ ዝም አላችሁላት?»

«እልል አልን።»

«ጋሼ፣ በቃ ብላ ጩኸት ከተጨመረባት ነገ ካርዱን ለምን ታነሳዋለች?»

ከሰዓት በኋላ ጫት ተራ ሄጄ ከነጋዴ ነጋዴ እየዞርኩ ይህንኑ አስረዳሁ። እውነቱን ለመናገር የሚሰማኝ ሰው አለ ብዬ አልነበረም።

በማግስቱ ጉድጓዱ ስላልተደፈነ በዚያው በኩል ስናልፍ ተአምር አየሁ። ሻጭና ገዢ በጣት ይከራከራል። እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላ አፍነው ወደ ባጃጁ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ፣ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቆየው?» አሉኝ።

«ባጃጁ ከርቩን እስኪዞር ነው፣ እትዬ።»

እንደዞርን የታመቀው ጫጫታ ከኋላችን ፈነዳ። ብሌን አንገቷን አዙራ አየች። ሳቀች መሰለኝ።