ቀጭኗ ድምፅ

አንባቢዬ፣ ከሰው ጋር መዝፈን የማይወድ ዘፋኝ ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ካዛንቺስ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮዬ አንድ አጋጥሞኛል፤ ሳምሶን ይባላል።

«ተቀባይ ያረፍዳል፣ ያኮርፋል። በቃ፣ ተቀባዮቹን ከኔው ድምፅ ሥራልኝ» አለኝ።

ሃርሞናይዘር የሚባለው ማሽን የአንድን ሰው ድምፅ አቅጥኖና አወፍሮ ያባዛል። በሱ አራት አደረግሁት። ሳምሶን በራሱ ተከቦ ፈገግ አለ። ከራሱ ጋር ማን ይኳረፋል?

በማግስቱ እናቱን እትዬ አልማዝን ከላንቻ ይዟቸው መጣ። ዘፈኑ እንደተጀመረ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ጽጌ ናት» አሉ።

ጽጌ የሞተች እህቱ ናት።

«እማዬ፣ እኔው ነኝ። ማሽኑ አቅጥኖኝ ነው» አላቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የሱን አጥፋና እሷን ብቻ አሰማኝ።»

የሳምሶንን ድምፅ ዘጋሁት። ቀጭኑ ድምፅ ብቻውን ቀረ። የመቅጃ ክፍሉ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ፣ በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። ሳምሶን ፊቱ ዐመድ መስሏል።

እናቱ እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ደክሟታል» አሉ ቀስ ብለው። «ከእንግዲህ አታዘፍኗት።»

እሳቸው ሲወጡ ድምፁን ልሰርዘው ስል ሳምሶን እጄን ያዘኝ።

«አንዴ ብቻ ድገመው... ማለቴ፣ ድገማት» አለኝ።