ዝግጁ ሳልሆን አትንገረኝ

(ሁለት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሦስት ዓመት የተጋሩት ቢሮ፤ ረፋድ ላይ። ሊቁ፣ ባልደረባው ቀስበል ኮምፒውተሩ ላይ የለጠፈለትን ወረቀት ሳያነበው ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል።)

ቀስበል፦ ኧረ ጋሼ! መልእክት እኮ ነው!

ሊቁ፦ ምን መልእክት ነው፣ ቆሻሻ እንጂ! ለጥፈህ ትሄዳለህ። ማንበቤን በምን ታውቃለህ?

ቀስበል፦ አላነበብከውም። ስትጥለው አየሁ።

ሊቁ፦ ዛሬ የቡድን መሪ ይሾማል። አምስት ዓመት የጠበቅኩት ሹመት! ፕሮግራሞቻችን እንዴት ይነጋገሩ ተብዬ ስጠየቅ «ወረቀት ይለጣጥፉ» ልበል? ሰጪም ተቀባይም ዝግጁ ሲሆኑ ነው፤ ፊት ለፊት፣ እጅ በእጅ!

ቀስበል፦ እሺ፣ እጅ በእጅ ልንገርህ። አለቃችን...

ሊቁ፦ ቆይ! ዝግጁ ነኝ አልኩ?

ቀስበል፦ አላልክም።

ሊቁ፦ እንግዲያው ጠብቅ። (ነጭ ሰሌዳው ላይ ቀስት መሳል ይጀምራል።)

ቀስበል፦ እኔ አንተን፣ አንተ እኔን ስንጠባበቅ ቢመሽስ?

ሊቁ፦ ያ የፕሮግራም ጸሐፊው ድንቁርና ነው። የዘዴው ጥፋት አይደለም።

ቀስበል፦ በወረቀትስ እጅ በእጅ አይሆንም? እኔ እለጥፋለሁ፤ አንተ «ደርሶኛል» ብለህ እስክትለጥፍ ንቅንቅ አልልም።

ሊቁ፦ (ደንግጦ፣ ግን ሳያስነቃ) እ... ይሆናል። እጅ በእጅም ቢሆን፣ መሐላችን መልእክት የሚይዝ አደራ ተቀባይ ብናቆም የወረቀትህን ሥራ ይሠራል።

ቀስበል፦ ታዲያ አንዱ የሌላውን ከሠራ፣ ምን አጣላን?

ሊቁ፦ አቤት ድፍረት! እስቲ ይህን በወረቀት አድርግልኝ፦ ሁለት በር እጠብቃለሁ። ቀድሞ በተከፈተው እገባለሁ፣ ሌላውን እዚያው እተወዋለሁ። አንተ ግን ሁለቱም ላይ አንዴ ከለጠፍክ አለቀ፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም!

(ስልክ ይጮኻል።)

ቀስበል፦ (አንስቶ) አቤት... አዎ፣ ሁለታችንም አለን... እሺ። (ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ) ጋሼ፣ ዝግጁ ነህ?

ሊቁ፦ ቀስቱን ሳልጨርስ? የፈለገኝ ይጠብቅ!

ቀስበል፦ እኔ ልሂድ?

ሊቁ፦ ሂድልኝ! ጆሮዬም ይረፍ።

(ቀስበል ይወጣል። ሊቁ ሰሌዳውን በቀስት ይሞላል። ቀስበል አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።)

ሊቁ፦ (ኮቱን እያስተካከለ) አሁን ዝግጁ ነኝ። ተናገር!

ቀስበል፦ ወረቀቱ «አለቃችን ስለ ሹመቱ በአራት ሰዓት ይፈልጉሃል» ነበር የሚለው። ስትቀር ደወሉ። «ከሁለታችሁ ቀድሞ የመጣውን አናግራለሁ፣ ሌላውን እተወዋለሁ» አሉ።

ሊቁ፦ (ወንበር በእጁ እየፈለገ) እና... አንተን ሾሙህ?

ቀስበል፦ ሾሙኝ። ከልቤ አዝኛለሁ ጋሼ።

ሊቁ፦ አንተን! ለመሆኑ ምን ቢጠይቁህ ነው?

ቀስበል፦ «ተቀባዩ አልሰማም ሲል ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

ሊቁ፦ ከባድ ጥያቄ ነው! ምን ብለህ መለስክ?

ቀስበል፦ «የሦስት ዓመት ልምድ አለኝ» አልኳቸው።