ከቀብሩ በኋላ ሻይ የጠየቀው አባት

[የመጻሕፍት መጠረዣ ክፍል። ጠራዡ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቢላዋ ይስላል። የሚስቱ ወንድም፣ ሥራው ሙጫ መቀባት ስለሆነ «ሙጫ» የሚሉት፣ ብሩሹን ያጥባል። ጠረጴዛው ላይ ዘጠና ዘጠኝ አዳዲስ መጻሕፍት ተደርድረዋል።]

ጠራዡ፦ ሞቷል እያልኩህ። ሻዩን ሲጠጣ ሞቷል።

ሙጫ፦ ሻዩን ሲጠጣ እንኳ ደኅና ነበር፣ ጋሼ። ስኳርም ጨምሯል።

ጠራዡ፦ ሙት ስኳር አይጨምርም ያለህ ማን ነው?

ሙጫ፦ ማንም አላለኝም። ጠይቄም አላውቅ።

ጠራዡ፦ ይህ እኮ የጨለማ፣ የመናፍስት ልብ ወለድ ነው። አባትየው ይቀበራል። ልጅቱ ታለቅሳለች። ገጹን ስገልጥ አባትየው በሩን ከፍቶ ይገባና «ሻይ አለ?» ይላል። ጸጉሬ ነው የቆመው።

ሙጫ፦ [ራሰ በራውን አይቶ] የቱ?

ጠራዡ፦ ዝም በል። የቤተሰቡ ምስጢርስ? እናትየው ምስጢሩ የተጻፈበትን ደብዳቤ እሳት ውስጥ ከተተችው። ቀጥላ አነበበችው። ከአመዱ።

ሙጫ፦ እኔ ሳነበው መጀመሪያ አንብባ ነው ያቃጠለችው።

ጠራዡ፦ እየዘለልክ ስለምታነብ ነው። ወንድምየውስ? እዚህ ገጽ ላይ ጢሙን ይላጫል፣ የሚቀጥለው ላይ ጡት ይጠባል። ይህ እርግማን ካልሆነ ምንድን ነው?

ሙጫ፦ እናትየው አልተቆጣችም? [ቆም ብሎ] ጋሼ፣ አንተ ያነበብከው የቱን ነው?

ጠራዡ፦ መጀመሪያ በገዛ እጄ የጠረዝኩትን። ትናንት ለደራሲዋ የሰጠኋትን።

ሙጫ፦ መነጽርህ ጥገና ቤት ሳለ የጠረዝከውን?

ጠራዡ፦ ሠላሳ ዓመት የጠረዘ ሰው መነጽር ለንባብ እንጂ ለሥራ አይፈልግም። የታጠፉትን ገጾች በጣቴ ነው የምለያቸው።

ሙጫ፦ እነዚህን እኔ በገጽ ቁጥር ነው የደረደርኳቸው። [አንዱን ይገልጥለታል።] ይኸው። ይወለዳል፣ ጡት ይጠባል፣ ጢም ያወጣል። ይኸው ሻዩ። ቀብሩ ከዚህ በኋላ ነው።

ጠራዡ፦ [መነጽሩን ያወርዳል። ያነባል። ይቀመጣል።] መናፍስት የለም?

ሙጫ፦ የለም። ሴትዮዋ አባቷ ሞቶባት፣ አዝና የጻፈችው ነው። ለሙት ዓመቱ ለዘመድ ልታድለው።

ጠራዡ፦ እኔ ደግሞ አባቷን ከመቃብር አስነሥቼ ሻይ አስጠየቅሁት። አለቀልኝ። ከእንግዲህ ማን ሥራ ይሰጠኛል?

[ስልክ ይጮኻል። ጠራዡ ቁጥሩን አይቶ ይደነግጣል።]

ጠራዡ፦ እሷ ናት። አንሣውና ሞቷል በላት።

ሙጫ፦ ያነበበችው ያንተን መጽሐፍ ነው። ሞቷል ብላት ተመልሰህ እስክትመጣ ትጠብቃለች።

ጠራዡ፦ [አንሥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] አቤት እመቤቴ... አለቀሱ?... [ቀስ በቀስ ቀና ይላል።] «እኔ ቀብሬው ብቻ ነበር፣ እርስዎ መለሱልኝ»?... አዎን፣ ሆን ብዬ ነው እንጂ... እንዴታ፣ ቅደም ተከተሉን በቃሌ ይዤዋለሁ... የቀሩትን ዘጠና ዘጠኙንም ልክ እንደዚያ። ለነገ ይደርሳል። [ይዘጋል።] ሰማህ? የማይገባው ማን እንደሆነ ታወቀ። በል ሁሉንም ፍታቸው።

ሙጫ፦ [መቀስ አንሥቶ] እሺ ጋሼ። መልሼ በየትኛው ተራ ልስፋቸው?

ጠራዡ፦ መጀመሪያ ቀብሩ። ከዚያ...

ሙጫ፦ ከዚያ?

[ጠራዡ ጣቶቹን ያያል። ስልኩን መልሶ ያነሣል።]

ጠራዡ፦ እመቤቴ፣ ያን መጽሐፍ ለአንድ ቀን ቢያውሱን... ኧረ እኔስ በቃሌ ነው የማውቀው። እዚህ አንድ ነገር የማይገባው ሰው አለ፣ ለእሱ ነው።

ሙጫ፦ ጠራዥ መሆኑንም ንገራት።