ሕፃን በክንድ የሚመዝኑት እትዬ የሻሽወርቅ

በየሰፈሩ ሕፃን በክንዱ የሚመዝን አንድ ሰው አይጠፋም። አራስ ቤት ሲገባ እጁን ይታጠብና፣ ማንም ሳይጋብዘው ልጁን ከእናቱ እቅፍ ያነሣል። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱ ይግባኝ የለውም።

የእኛ ሰፈር መዛኝ አከራዬ፣ ክብርት እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው። ጣና ዳር ዓሣ ሲሸጡ ስለኖሩ ክንዳቸው ሚዛን እንደሆነ ራሳቸው ይናገራሉ። ልጁ ከከበዳቸው «ይኸ ነው ልጅ!» ብለው ያቀልጡታል። ቀለል ካላቸው ደግሞ ቶሎ ለእናቱ ይመልሱና «እግዜር ያሳድገው» ይላሉ። ይህችን ምርቃት የሰማ አባት ለሳምንት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ባጃጅ ነጂው መልካሙ የመጀመሪያ ልጁ «እግዜር ያሳድጋት» የተባለች ቀን፣ ለሚስቱ የአጥሚት እህል ፍለጋ ገበያውን ሲያስስ ዋለ። የጤና ጣቢያው ሚዛን ከእሳቸው ጋር ካልተስማማ፣ የተበላሸው ሚዛኑ ነው።

«ብረት ምን ያውቃል?» ይላሉ። «ብረት ወልዶ ያውቃል?»

ከመዘኗቸው ሁሉ የምትበልጠው ግን የገዛ ልጃቸው ውዴ ናት። ታሪኩን እኛ ተከራዮቻቸው በቃላችን እንወጣዋለን። ውዴ ስትወለድ አዋላጇ «ኧረ እርዱኝ!» ብላ ተጣራች። የተዘጋጀላት ልብስ አልገባ ብሎ የዓመት ልጅ ልብስ ተዋሱላት። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ እርጉዝ ሳሉ የነበረባቸው ጥም! «ጣናን ጠጥቼ ልጨርሰው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሰው የደሴቶቹን ገዳማት በእግሩ ሄዶ ሊሳለም!»

ዘንድሮ ውዴ ራሷ አረገዘች። ባሏ ብሩክ ቆጋ መስኖ ላይ ስለሚሠራ፣ ለክትትል ስትሄድ ቦርሳ ያዥ እኔ ነበርሁ፤ አዛዥ እትዬ። ፅንሱ ለወሩ ትልቅ ነው ሲባል እትዬ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች በኩራት ገረመሟቸው። ነርሷ ሲስተር ወንጌላዊት ግን አልሳቀችም። ውዴን የስኳር ውኃ አጠጥታ፣ አስጠብቃ፣ ደሟን አስመረመረች። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ እንዲህ አለች፦

«ውዴ፣ የእርግዝና ስኳር አለብሽ። አንቺስ ስትወለጂ ስንት ኪሎ ነበርሽ?»

«እሱን ለእኔ ተይው!» እትዬ ብድግ አሉ። «አምስት ኪሎ ሊሞላት የጎደላት አንድ ቆረሶ ዓሣ ነው!»

«ያኔ ጥም ነበረብዎት?»

«ጥም? ጣናን...» ጀመሩና የሲስተርን ፊት አይተው አቆሙ።

«እትዬ፣ የእናት ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ፅንሱ ይወፍራል፤ ውፍረቱ ግን ጥንካሬ አይደለም። ምጡም ይከብዳል። እንዲህ የተወለደ ልጅ ካደገ በኋላ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። ሁሉም ይያዛል ማለት አይደለም። አሁን የውዴን ካወረድነው ለእሷም ለልጁም ይበጃል።»

«እና ውዴን ያስያዝኋት እኔ ነኝ?»

«እንዲያ ማለት አይቻልም። ደግሞስ ያኔ እርስዎን ማን ለካዎት?»

ወደ ቤት ተመለስን። እኔ ነገሩ አልለቀኝ ብሎ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ጥርስ ያላወጣ፣ ከረሜላ ያልቀመሰ ፍጡር በእናቱ ደም በኩል የደረሰው ጣፋጭ፣ ጎልምሶ ልጅ እስኪወልድ ድረስ እንዴት ይከተለዋል? ገና ስም ሳይወጣልን የሆነውን ሰውነታችን የት ነው የሚያኖረው? በሽታውስ ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተወዋል? ያነበብሁት ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ «ሊሆን ይችላል» እያለ ያልፈኛል።

እትዬ የሻሽወርቅ ግን «ሊሆን ይችላል» የሚባል ነገር አያውቁም። በማግስቱ ጠቅላይ አዛዥ ሆነው ተነሡ። ለእርጉዟ ማልታ ይዞ የመጣ ጎረቤት በር ላይ ይነጠቃል። ከደሴቱ ገዳም በጣሳ ማር ይዘው የመጡት የነፍስ አባታቸው አባ ጊዮርጊስ እንኳ አላመለጡም። እትዬ መስቀሉን ተሳለሙና፣

«ይፍቱኝ አባ፤ ማሩን ግን ይዘውት ይመለሱ» አሏቸው።

«የበረከት ነው እኮ፣ የሻሽወርቅ!»

«በረከቱን እዚህ ይተዉልኝ፤ ማሩን ይውሰዱት።»

ምሳ በተበላ ቁጥር ደግሞ ውዴን በሐይቁ ዳር ያስኬዷታል።

«እማ፣ ደከመኝ።»

«የደከመው ስኳሩ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። ቀጥይ!»

ስኳሯ ቀስ እያለ ወረደ። ወንድ ልጅም በሰላም ተወለደ፤ ትልቅም ትንሽም ያልሆነ። ጎረቤቱ ፍርዱን ሊሰማ ተሰበሰበ። እትዬ ልጁን ደረታቸው ላይ አስጠግተው «ጤነኛ ነው» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። መልካሙ ይህችን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል።

«እግዜር ያሳድገው በሉት እንጂ፣ እትዬ!»

«አንተ ባጃጅህን ጠብቅ!»

የቀረው የራሳቸው ምርመራ ነበር። ሲስተር «እርስዎም መታየት አለብዎት» ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን ክርስትናው ይለፍ፣ ጾሙ ይለፍ፣ ዝናቡ ይለፍ እያሉ ሸሹ። ዓሣ ነጣቂ ወፍ የማያስደነግጣቸው ሴት መርፌ ይፈሩ ኖሯል። ከመርፌው ይልቅ የሚናገረውን ሳይፈሩ አልቀሩም፤ ስኳር ከተገኘባቸው የውዴም ነገር ከእሳቸው እንደመጣ ሊቆጥሩት ነው። አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ።

«ምንም ሳልቀምስ ነው ያደርሁ። ተነሥ፤ ብቻዬን አልሄድም።»

ሄድን። ስኳር ተገኘባቸው። ሲስተር ስለ መድኃኒቱና ስለ ምግቡ ስታስረዳቸው አንዴም ሳያቋርጡ አዳመጡ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ስትወለድ ስንት ኪሎ ነበርህ?»

«እኔ እንጃ። እንፍራንዝ፣ ቤት ውስጥ ነው የተወለድሁ። አሁንማ የሚጠየቅም የለ።»

ከዚያ ትከሻዬን ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ።

«ይኸንንም ለኪልኝ» አሏት ሲስተርን። «ልጄ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ምንም አልሆንሁ።»

«ዝም በል። ጣትህን ስጣት።»

ሰጠሁ። አከራዬ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እምቢ እል ነበር።