የሽማግሌው መኪና ጭስ

እኛ ሰዎች መኪና ስንሸጥ አፋችን ይፈታል። ለወትሮው ልጃችንን እንኳ ሰው ፊት ማመስገን የሚያሳፍረን፣ ልብሳችሁ ያምራል ስንባል «ኧረ አሮጌ ነው» ብለን የምናስተባብል ጨዋዎች፣ አሮጌ መኪናችን ገዢ ያገኘች ዕለት ባለቅኔ እንሆናለን። «በአንድ እጅ የተያዘች ናት።» «ከቤት ቸርች፣ ከቸርች ቤት ነው።» «ገጠር አታውቅም።» ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ከእነዚህ ውዳሴዎች አንዱም ስለ ሞተሩ አይናገርም። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ እንደሚባለው፣ እኛም ስለ ሞተሩ ስንጠየቅ ስለ መቀመጫው ጨርቅ እንመልሳለን።

ገዢውስ? ናይሮቢ ያለ አበሻ ከማያውቀው ሰው መኪና ሲገዛ ኮፈን ያስከፍታል፣ ከሥር ገብቶ ይተኛል፣ እዚህ ፉንዲ የሚሉትን መካኒክ አስከትሎ ይመጣል፣ ጎማውን በእርግጫ እየመታ ይዞራል። ከወገኑ ሲገዛ ግን ሻይ ይጠጣል። ሻዩ «አምንሃለሁ» ማለት ነው። ኮፈን ይከፈት ማለት ደግሞ «አላመንኩህም» ማለት ስለሚሆን፣ ይሉኝታ የያዘው ሰው ዓይኑ እያየ ሻዩን ፉት ይላል።

እኔ እንግዲህ ያን ሻይ ያጠጣሁ ሰው ነኝ።

የምኖረው ሳውዝ ሲ በሚባለው የናይሮቢ ሠፈር ነው። ሥራዬ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠፈር በሆነው በጊጊሪ ለሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች አማርኛ ማስተማር ሲሆን፣ እሑድ እሑድ በአንዲት አነስተኛ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ሽማግሌ ስል ሹመቱን እንጂ ዕድሜውን አይደለም፤ ዕድሜውም ቢሆን ሩቅ አልነበረም። ግራጫ ስቴሽን ዋገን አለችኝ። መዘምራን ከነከበሯቸው ጭናለች፣ የሙሽራ ኬክ ተሸክማለች፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ ስንቱን እንግዳ ከነሻንጣው አምጥታለች። ውለታዋን አልክድም። ከጊዜ በኋላ ግን ዘይት መጠጣት ጀመረች። የጠጣችውን ደግሞ በኋላዋ ታጨሰዋለች፤ ሰማያዊ፣ ወፈር ያለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ። ሞምባሳ ሮድ ላይ ከኋላዬ የሚመጡት የቦዳቦዳ ሞተረኞች አፍንጫቸውን በክንዳቸው ሸፍነው በጎኔ ሲያልፉ፣ ማን ነው ይሄ ለማለት አንገታቸውን አዙረው ያዩኝ ነበር። ታዲያ እኔ ምን መፍትሔ አበጀሁ? የኋላ መስታወት ማየት ተውኩ።

ፉንዲዬ ሞተሩ ይውረድ፣ የፒስተን ፋሻዎቹም ይቀየሩ አለ። ለዚያ የሚወጣው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ሊስተካከል ምን ቀረው። እንግዲያውስ ልሸጣት ነው ስለው ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ቆርቆሮ ይዞ መጣና እንደ ማር የወፈረ ነገር ከዘይቷ ጋር ቀላቀለባት። «ለጥቂት ቀን ዝም ትላለች» አለኝ። ትድናለች አላለም። ዝም ትላለች ነው ያለው። እውነትም ጭሱ ጠፋ።

ባለቤቴ ሰናይት ምስር እየለቀመች፣ «ማን ሊገዛት ነው?» አለችኝ።

«ዘሪሁን።»

«የእኛው ዘሪሁን?»

«አዎ።»

ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች፤ ግን ጠጠሩን ሳህኑ ላይ የምትጥልበት ድምፅ ትንሽ ጨመረ። ሃያ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ይሄን ድምፅ ያውቀዋል።

ዘሪሁን ማለት ከጉባኤያችን ወጣቶች መካከል ዝምተኛው ነው። እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ የሰው ታክሲ እየነዳ፣ ማታ ማታ ገቢውን ለባለቤቱ እያስረከበ የኖረ ልጅ። ታሞ አንድ ቀን ቢተኛ ባለመኪናው «ቁልፉን ላክልኝ» ይለዋል። ሚስቱ አልማዝ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛለች። ምኞቱ አንድ ነው፤ የራሱ መኪና ኖራው፣ በስልክ ለሚጠሩት የታክሲ ድርጅቶች በስሙ ተመዝግቦ መሥራት። እኔ መኪናዬን ልሸጥ ነው ማለቴን ሲሰማ ቤት ድረስ መጣ። ሻይ ጠጣ። ወጥተን መኪናዋን ዞረን አየናት።

«ሞተሯስ እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«መቀመጫዋን አየኸው?» አልኩት። «አንድ ቦታ እንኳ አልተቀደደም።»

ዘሪሁን መቀመጫውን ዳሰሰ። «ጥሩ ነው» አለ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ኃጢአቴ የማንኛውም መኪና ሻጭ ኃጢአት በሆነ። ግን ረቡዕ ማታ የቤት ለቤት ጸሎት ነበረን፣ የመምራቱም ተራ የእኔ ነበር። የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል አልማዝ «ለዘሪሁን መኪና» አለች። ምን ላድርግ? ቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እግዚአብሔር ለወንድማችን ለዘሪሁን ጥሩ መኪና፣ የማታስቸግር፣ የሚባረክባት መኪና እንዲሰጠው ጸለይኩ። ሁሉም አሜን አሉ። የዘሪሁን አሜን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሰናይት አሜን ስትል አልሰማሁም።

በማግስቱ ዘሪሁን ደወለ። የታክሲው ድርጅት መኪናዋ የጭስ ምርመራ ያለፈችበትን ወረቀት ይፈልጋል አለኝ። ስም ከመዛወሩ በፊት አንድ ላይ ሄደን ብናስመረምራት ይቀላል፣ ካልተቸገርኩ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለራሴ ሌላ ጸሎት ጸለይኩ። ይሄኛውን ጮክ ብዬ አልጸለይኩም።

የመመርመሪያው ቦታ ከፋብሪካዎቹ ሠፈር ወዲህ ነው። መንገዱ እንደልማዱ ተዘግቶ፣ በፀሐይ ቆመን፣ ሞተሯ ግሎ ግሎ ደረስን። ያ እንደ ማር የወፈረ ነገር በሙቀት ይቀጥናል ብሎ ፉንዲው አልነገረኝም። ወይም ነግሮኝ አልሰማሁት ይሆናል። ከፊታችን የተሰለፈችው፣ እዚህ ማታቱ የሚሏት የሕዝብ ሚኒባስ፣ በቀለም የተዝጎረጎረች፣ መስታወቷ የተሰነጠቀ፣ ሙዚቃዋ ጆሮ የሚበጥስ ነበረች። ገባች፣ ተለካች፣ አለፈች። ይሄን ሳይ ልቤ ተጽናና። ይቺ ካለፈች የሽማግሌ መኪና የማታልፍበት ምክንያት የለም አልኩ።

መርማሪዋ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ፀጉሯን በመረብ የሰበሰበች ወጣት ሴት ናት። የመለኪያውን ቱቦ ማርሚታዬ ውስጥ ሰደደችና ነዳጅ እንድረግጥ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ረገጥኩ። ዝም ትላለች የተባለችው መኪና ተናገረች። ጭሱ መጀመሪያ ቱቦውን ዋጠው፣ ቀጥሎ መርማሪዋን ዋጣት፣ ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረ። የመኪኖች መስታወት አንድ በአንድ ሲዘጋ በዚያ በተውኩት የኋላ መስታወት ውስጥ አየሁ።

መርማሪዋ እያሳለች ወጣችና ሰሌዳው ላይ የወጣውን ቁጥር አሳየችን። «ወድቃለች» አለች።

እኔ ለመውረድ በሩን ስከፍት ዘሪሁን ቀድሞኝ ወርዶ ነበር። በሕይወቱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው የማላውቀው ልጅ በስዋሂሊ ይከራከር ጀመር። ማሽኑ ተሳስቶ እንደሆነስ? ከማታቱዋ የተረፈ ጭስ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ እንደሆነስ? «እኚህ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ አታውቂም» አላት። «የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። መኪናቸው ደኅና ናት ካሉ ደኅና ናት። እሳቸው አይዋሹም።»

«እኛ ቤተ ክርስቲያን አንለካም» አለችው መርማሪዋ በትሕትና። «የምንለካው ጭስ ነው።»

«እንግዲያውስ እንደገና ለኪው።»

«ዘሪሁን፣ ተወው» አልኩት።

«አይሆንም ጋሼ፣ በእርስዎ ላይማ እንዲህ አይደረግም።»

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ሲሰድብህ መልስ አለህ፤ ሲከስህም ትከራከራለህ። በውሸት ልትሸጥለት የመጣኸው ሰው አደባባይ ቆሞ ስለ እውነተኛነትህ ሲመሰክርልህ ምን ትላለህ? እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ። ምንም። ወደ መኪናዬ ተመልሼ ገባሁና እንደገና ረገጥኩ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ከሰልፉ ውስጥ ሰው ሳቀ። ያለፈችው ማታቱ ሾፌር ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ ሲወጣ በአጠገቤ ቆም አለና «ፖሌ፣ ምዜ» አለኝ፤ አይዞዎት አባቴ እንደማለት። ከልቡ ነው ያዘነልኝ። ከስድብ ሁሉ ያ በለጠብኝ።

ወደ ሳውዝ ሲ ስንመለስ መንገዱ ይባስ ተዘግቶ ነበር። መስታወት ዘግተን ተቀምጠናል፤ ያ ሽታ ግን ውስጥም አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት ለማደርም ጊዜ አላገኘ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በማርሚታ በኩል ወጣ። በመጨረሻ «ዘሪሁን፣ ይቺ መኪና...» ስል፣

«ይተዉት ጋሼ» አለኝ። «አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ማጨሷን። ከቸርች ስንወጣ ከኋላዎ እየነዳሁ ስንት ጊዜ መጥቻለሁ። አልማዝ ያስላት ነበር፤ መስታወት ዝጋ ትለኛለች።» በአገጩ ከፊታችን የቆመውን መኪና አሳየኝ። «እርስዎ አያውቁም ብዬ ነው። ከፊት ሆኖ የሚነዳ ሰው ጭሱን አያየውም አይደል?»

«አያየውም አይደል?» ያላት ቃል እንድጨብጣት የዘረጋልኝ ገመድ እንደሆነች ገባኝ። አልጨበጥኳትም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት።

«ለእርስዎ እንዴት ብዬ ልናገር? መኪናዎ ታጨሳለች፣ አልገዛትም ይባላል? ማሽኑ ይንገራቸው አልኩ። ማሽን ምን ይሉኝታ አለው።»

«እዚያ ተሟግተህልኝ የለም እንዴ?»

«ሰው ፊት እኮ ነው ጋሼ። ሰው ፊት ዝም ልበል?»

«ብታልፍስ ኖሮ?»

እዚህ ላይ ዘሪሁን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «እንዳታልፍ ስጸልይ ነበር» አለ። «ካለፈች ግን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብዬ እገዛት ነበር።»

ከአንድ ጉባኤ፣ በአንድ ሳምንት፣ ስለ አንዲት መኪና ወደ ላይ የሄደውን ጸሎት አስቡት። እኔ ሰው ፊት ጥሩ መኪና ስጠው እላለሁ፣ ለብቻዬ ይቺን አሳልፍልኝ እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ጣልልኝ ይላል። እግዚአብሔር ሁለቱንም ጸሎቶቼን አንድ ላይ ሊመልስ አይችልም ነበርና ለሰው ፊት የጸለይኩትን መረጠ። የዚህን ልጅ እርጉዝ ሚስት ያሳለው ጭስ የእኔ መሆኑን ግን በየትኛውም ጸሎቴ ውስጥ አላነሳሁትም።

ቤት ስገባ ሰናይት ቀና ብላ አየችኝና «ወደቀች?» አለች።

«ወደቀች።»

«እሰይ» አለችና ራት አቀረበች።

መኪናዋ አሁን ፉንዲው ግቢ ሞተሯ ወርዶ፣ ሆዷ ተከፍቶ ተቀምጣለች። ወደ ጊጊሪ የምሄደው ተማሪ በሚጫንበት ማታቱ ውስጥ ተጨናንቄ ነው። ሽማግሌነቱንም ልተወው ነው ብዬ ለመጋቢያችን ላወራው አስቤ፣ ምክንያቱን መናገር ስለሚመጣ እስካሁን አላወራሁትም። እሑድ እሑድ ዘሪሁን እንደድሮው ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። አልማዝም እንደዚያው። ከማጎንበሳቸው ላይ የቀነሰ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ በዓይኔ እለካለሁ፤ አላገኝም። እሱም ያሳፍረኛል።

ሰሞኑን ደግሞ ዘሪሁን ደወለልኝ። ላቪንግተን ሠፈር የሚኖር፣ ወደ አገሩ ሊመለስ የተዘጋጀ አንድ የውጭ ሰው መኪናውን እየሸጠ ነው፤ «ጋሼ፣ አብረውኝ ቢሄዱ፤ እርስዎ ያውቁበታል» አለኝ። ምኑን ነው የማውቅበት? እንግሊዝኛውን ነው? ሽምግልናውን ነው? ወይስ ሌላውን? ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም። ሄድኩ።

መኪናዋ ነጭ፣ ታጥባ የምታበራ ነበረች። ባለቤቱ ሻይ ልጋብዛችሁ አለን፤ እኔ ቶሎ ብዬ አንጠጣም አልኩት። ስለ መቀመጫው ሊነግረን ሲጀምር ሞተሩን አስነሳልን አልኩትና ከኋላ ዞሬ ተንበረከክሁ። ጭስ የለም። ትንሽ ካቆየ በኋላ አጥፋው አልኩት፣ ጣቴን የጭስ መውጫው አፍ ውስጥ ከትቼ ዞር ዞር አድርጌ አወጣሁ። ዘይት አልነካውም።

«ንጹሕ ናት» አልኩት ዘሪሁንን።

ዘሪሁን ጣቴን አየ። ፊቴን አየ። «ይቅርታ ጋሼ» አለና፣ በአክብሮት ከጎኔ ተንበርክኮ የራሱን ጣት ከተተ።